በመዳፋችን የሚያልፈው ሙኦን፦ «አምስተኛ ኃይል ተገኘ» ከተባለ በኋላ ምን ሆነ?

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስወጣ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ተከትሎኝ መጣ። ስልኩን ዘረጋልኝና «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አለኝ። አጭር ቪዲዮ ነው። ሳይንቲስቶች አምስተኛውን የተፈጥሮ ኃይል አግኝተዋል፣ የፊዚክስ መጽሐፍ ሁሉ እንደ አዲስ ሊጻፍ ነው ይላል። እስካሁን የሚታወቁት አራት ናቸው፦ የመሬት ስበት፣ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል፣ ኒውክለስ ውስጥ የሚሠሩት ጠንካራውና ደካማው ኃይል። ወዲያው ሌላ ቪዲዮ ከፈተልኝ። ያኛው ደግሞ «ሁሉም ስህተት ነበር፣ ምንም አልተገኘም» ይላል።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሙከራ ነው። ሁለቱም ነገሩን አዛብተውታል። እዚያው በረንዳው ላይ ቆሜ ላስረዳው ጀመርኩ። ገና «ሙኦን የሚባል ቅንጣት አለ» ከማለቴ ደወል ተደወለ። የልጁ ጥያቄ ግን ከራሴ አልወጣ አለ። ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርስለት።

ሙኦን ምንድን ነው?

እስቲ መዳፋችሁን ወደ ሰማይ ዘርጉ። በሴኮንድ ልክ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ቁጠሩ። ሦስት እስክትሉ ድረስ ጥቂት ሙኦኖች በእጃችሁ ውስጥ አልፈው መሬት ገብተዋል። አይታዩም፣ አይሰሙም። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣችሁም፣ ማራኪ ቤታችሁ ተኝታችሁም ያልፋሉ። የቆርቆሮ ጣሪያ አያግዳቸውም። የፋሲል ግንብ ወፍራም ግድግዳም አብዛኞቹን አያስቆማቸውም። ሰው በምድር ላይ ከኖረ ጀምሮ አብረውት ኖረዋል።

በባሕር ወለል ላይ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ሙኦን ይወርዳል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በላያችን ያለው አየር ጅቡቲ ካለ ሰው ይልቅ ስስ ነው። ስለዚህ እኛ ላይ ይበዛል።

ከየት ይመጣሉ? ከጠፈር በከፍተኛ ፍጥነት የሚወረወሩ ቅንጣቶች አሉ፤ በብዛት ፕሮቶኖች ናቸው። እነዚህ ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጩ ሌሎች ቅንጣቶች ይፈናጠራሉ። ከእነሱ መካከል ፓዮን የሚባሉት ቶሎ ፈርሰው ሙኦን ይሆናሉ። ጨረሩ ከላይ እንደሚመጣ የታወቀው በድፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ቪክቶር ሄስ የሚባል ኦስትሪያዊ መለኪያውን ይዞ በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ ሲበረታ አየ።

ሙኦን ራሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ካርል አንደርሰንና ሴት ኔደርማየር አገኙት። ጠባዩ እንደ ኤሌክትሮን ነው፤ ክብደቱ ግን 207 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የኤሌክትሮን ታላቅ ወንድም በሉት። የሚገርመው ማንም አልጠበቀውም። ኢሲዶር ራቢ የሚባለው ታዋቂ ፊዚሲስት ያላዘዘው ምግብ እንደቀረበለት ሰው «ይሄን ደግሞ ማን አዘዘ?» አለ ይባላል። ለምን ኤሌክትሮን ከባድ ወንድም እንዳስፈለገው ዛሬም መልስ የለውም።

ከአቶም በታች ምን አለ?

አቶም መሐሉ ላይ ኒውክለስ፣ በዙሪያው ኤሌክትሮኖች እንዳሉት ትምህርት ቤት ተምረናል። መጠኑን ግን ብዙ ጊዜ አንገምተውም። ኒውክለሱን አንዲት የጤፍ ፍሬ አድርጋችሁ አስቡት። ያኔ አቶሙ የፋሲልን ግንብ የሚያህል ይሆናል። ግንቡ መሐል አንዲት ጤፍ፣ የቀረው ክፍት። ድንጋይ ብለን የምንዳብሰው ነገር ውስጡ እንዲህ ነው።

ሙኦኑ የሚሾልከው በዚህ ክፍት ቦታ ነው። ኤሌክትሮንም በዚያው ይገባል፤ ግን ቀላል ስለሆነ ወዲያ ወዲህ ይላጋል፣ ጉልበቱን ቶሎ ይጨርሳል። ከባዱ ሙኦን መንገዱን ሳይለቅ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ኒውክለሱ ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ተሠርቷል። እነሱም ኳርክ ከሚባሉ ቅንጣቶች ተሠርተዋል። እዚህ ላይ እንቆማለን፤ ከኳርክ በታች እስካሁን የተገኘ ነገር የለም። ስድስት ዓይነት ኳርኮች አሉ። የኤሌክትሮን ቤተሰብም ስድስት አባላት አሉት፤ ሙኦን አንዱ ነው። ኃይልን የሚያደርሱ ቅንጣቶችም አሉ፤ የብርሃኑ ፎቶን ከነዚህ ነው። በመጨረሻ ደግሞ ለሌሎቹ ክብደት ከመስጠት ጋር የተያያዘው ሂግስ አለ። እሱ መገኘቱ የታወጀው ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ ጄኔቫ አጠገብ ከመሬት በታች ባለው የ27 ኪሎ ሜትር ክብ ማሽን ውስጥ።

ይህ ሁሉ ከነሕጎቹ ስታንዳርድ ሞዴል ይባላል። ሰው ስለ ተፈጥሮ ካወጣቸው ሕጎች ሁሉ በጣም ተፈትኖ ያለፈ ነው። ግን ጎዶሎ ነው። የመሬት ስበት የለበትም። ጋላክሲዎችን አቅፎ የያዘው የማይታይ ቁስ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ስለዚህ የፊዚክስ ሰዎች ሥራ አድርገው የያዙት በዚህ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ መፈለግ ነው። ሙኦን ወደ ዜናው የገባው በዚህ በኩል ነው።

ዕድሜው እንዲህ ካጠረ እንዴት ጎንደር ይደርሳል?

ወደ ዜናው ከመሄዴ በፊት እዚህች ጋ ትንሽ ልቆይ። ተማሪዎቼ ሁሉ በጣም የሚወዷት ክፍል ናት፤ እኔም እወዳታለሁ።

ባለበት የቆመ ሙኦን በአማካይ የሚኖረው 2.2 ማይክሮ ሴኮንድ ነው። ማይክሮ ሴኮንድ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ናት። ብርሃን እንኳን በዚህ ጊዜ የሚሄደው 660 ሜትር ብቻ ነው። ከፒያሳ ማራኪ አያደርስም። ሙኦኖቹ የሚፈጠሩት ግን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ሂሳብ ከሄድን ከቢሊዮን ሙኦኖች ጎንደር የሚደርሱት ጥቂት ብቻ ናቸው። መዳፋችን ግን በየሴኮንዱ ይቀበላቸዋል።

መልሱ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው ሐሳብ ነው። በጣም የሚፈጥን ነገር ሰዓቱ ከእኛ ሰዓት አንጻር ይዘገያል። ለሙኦኑ 2.2 ማይክሮ ሴኮንድ ሲያልፍ ለእኛ ብዙ እጥፍ አልፏል። ስለዚህ ሳይፈርስ ይደርሳል።

በምናውቀው መንገድ እናስላው። ስሜን ተራሮች ውስጥ ያለው ጨነቅ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከጎንደር በ1,500 ሜትር ይበልጣል። ይህን ቁልቁለት ብርሃን በ5 ማይክሮ ሴኮንድ ይጨርሰዋል። የሙኦን ሰዓት እንደኛ ቢሆን ኖሮ በጨነቅ ከፍታ ከነበሩ 100 ሙኦኖች በጎንደር ከፍታ የሚቀሩት 10 ያህል ብቻ ነበሩ። ብንቆጥር ግን ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። ይህን ዓይነት ቆጠራ ብሩኖ ሮሲና ዴቪድ ሆል በአሜሪካ ኮሎራዶ ተራሮች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1941 አሳትመውታል። ጊዜ ይዘገያል የሚለው ነገር ለብዙ ሰው ተረት ይመስላል። ተራራ ላይና ተራራ ሥር በመቁጠር የሚታይ ነገር ነው።

«ጂ ሲቀነስ ሁለት» የሚሉት ምንድን ነው?

አያቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱን አይታችሁታል። በደንብ ሲሾር ቀጥ ይላል። ዘንበል ሲል ደግሞ ወዲያው አይወድቅም፤ አናቱ በአየር ላይ ክብ እየሠራ ይዞራል። አንድ መሾር አለ፣ በዚያ ላይ አንድ ቀስ ያለ ዙረት አለ።

ሙኦንም እንደዚያ ያለ ጠባይ አለው። ስፒን ይባላል። እውነተኛ እንዝርት ውስጡ የለም፤ ግን የሚሾር ይመስል ትንሽ ማግኔት ሆኗል። ትልቅ ማግኔት ውስጥ ስታስገቡት የስፒኑ አቅጣጫ ልክ እንደ እንዝርቱ አናት ክብ ይሠራል። ክቡን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ የሚወስን ቁጥር አለ። ጂ ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1928 ፖል ዲራክ ባወጣው ሒሳብ ጂ ልክ 2 ነው። ቆይቶ ግን ኤሌክትሮን ላይ ሲለካ ከ2 ትንሽ፣ በጣም ትንሽ በልጦ ተገኘ። ጁሊያን ሽዊንገር እ.ኤ.አ. በ1948 ምክንያቱን አሰላ። ከ2 የሚተርፈው ለሁለት ሲካፈል 0.00116 ይመጣል አለ። ይህ ስሌት የመቃብር ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። «ጂ ሲቀነስ ሁለት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ትራፊ ነው።

ትራፊው ከየት መጣ? ባዶ ቦታ ባዶ ስላልሆነ ነው። ነገሩ ጎረቤት ከጎረቤት በርበሬ እንደሚበደረው ነው። ተፈጥሮ ጉልበት ለአጭር ጊዜ ታበድራለች። በብድሩ አንድ ፎቶን ብቅ ይላል፣ ብድሩን መልሶ ይጠፋል። ኤሌክትሮንና ተቃራኒው ጥንድ ሆነው ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ። ብድሩ በበዛ ቁጥር መመለሻው ጊዜ ያጥራል። ምሳሌው ሒሳቡን አይተካም፤ ዋናውን ነገር ግን ይይዛል። እነዚህ ብልጭ ድርግም የሚሉ ቅንጣቶች ሙኦኑን በትንሹ ይነካኩታል። ጂንም ከ2 በትንሹ ከፍ ያደርጉታል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብቅ ጥልቅ የሚሉት እኛ የምናውቃቸው ብቻ አይደሉም። ገና ያላገኘነው ቅንጣት ካለ እሱም ይበደራል፣ እሱም ሙኦኑን ይነካል። ስለዚህ የምናውቃቸውን ሁሉ ደምረን ጂን እናሰላለን። ከዚያ እንለካዋለን። ስሌቱና ልኬቱ ካልተስማሙ ያልተጠራ እንግዳ ገብቷል ማለት ነው። «አምስተኛ ኃይል» ሲሉ የነበረው እንዲህ ያለ እንግዳ ይዞት ሊመጣ የሚችለውን ኃይል ነው። ሙኦን ደግሞ ከኤሌክትሮን ስለሚከብድ እንዲህ ያለውን ከባድ እንግዳ ከ40,000 እጥፍ በላይ ይሰማዋል። ለዚህ ነው በኤሌክትሮን ብቻ ያልቆሙት።

እንዴት ለኩት?

መለኪያው 15 ሜትር ስፋት ያለው የማግኔት ቀለበት ነው። መጀመሪያ ኒውዮርክ አጠገብ ብሩክሄቨን በሚባል ቤተ ሙከራ ይሠራበት ነበር። እዚያ የወጣው ውጤት ከስሌቱ ትንሽ ይርቅ ስለነበር የበለጠ ጥራት አስፈለገ። ቺካጎ አጠገብ ያለው ፈርሚላብ ብዙ ሙኦን ማምረት ይችላል። እና እ.ኤ.አ. በ2013 ቀለበቱን ወሰዱት። ተፈትቶ አይጓዝም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተጣመመ ያበቃለታል። በጀልባ ፍሎሪዳን ዞሮ፣ በወንዝ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ በመጨረሻ በልዩ መኪና ሌሊት ሌሊት እየተነዳ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደረሰ።

ሙኦኖቹ በብርሃን ፍጥነት 99.94 በመቶ እየሮጡ ቀለበቱን ይዞራሉ። በዚህ ፍጥነት ሰዓታቸው 29 ጊዜ ያህል ይዘገያል። 2.2 የነበረው ዕድሜያቸው 64 ማይክሮ ሴኮንድ ይሆናል። ስሜን ተራራ ላይ ያየነው ነገር እዚህ ደግሞ መሣሪያ ሆነ፤ ሙኦኑ ሳይፈርስ ደጋግሞ እንዲዞር ጊዜ ሰጠው።

አሁን ቤተክርስቲያን እየዞረ የሚጸልይ ሰው አስቡ። ፊቱ ሁልጊዜ ወደሚሄድበት ነው። ጂ ልክ 2 ቢሆን ኖሮ የሙኦኑ ስፒን እንደዚህ ሰው ይሆን ነበር። ስንት ዙር ቢዞር ከመንገዱ አይወጣም። ጂ ከ2 ስለሚበልጥ ግን በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይዞራል። 29 ዙር ላይ ሲደርስ አንዴ ሙሉ በሙሉ ተዟዙሮ እንደገና ፊቱን ወደ መንገዱ ያደርጋል። ይህን ተጨማሪ መዞር መለካት ትራፊውን በቀጥታ መለካት ነው።

ስፒኑን በዓይን የሚያይ የለም። ሙኦኑ ሲፈርስ ግን ፖዚትሮን ይወጣል፤ የኤሌክትሮን ተቃራኒ ነው። ጉልበት ያለው ፖዚትሮን ስፒኑ ወዳመለከተበት አቅጣጫ መውጣት ይቀናዋል። በቀለበቱ ውስጠኛ ዙሪያ 24 መቁጠሪያዎች ተተክለዋል። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ያ ከፍ ዝቅ የእንዝርቱ አናት ዙረት ነው።

ከሁሉም በላይ የምወድላቸው ግን ጥንቃቄያቸውን ነው። እኔ ፈተና ሳርም ስም ያለበትን ጥግ አጥፌ ነው የማርመው። ጎበዙ ልጅ ነው ብዬ እንዳላደላ። እነሱም እንደዚያ አደረጉ። የመለኪያ ሰዓታቸውን ትክክለኛ ፍጥነት ከራሳቸው ደበቁ። ከቡድኑ ውጭ ያሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ቁጥሩን አውቀው በፖስታ አሸጉት። ሥራው ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ የመጨረሻው መልስ ስንት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። እንዲሆን የሚፈልጉትን ቁጥር ሳያውቁት እንኳን እየጎተቱ እንዳያመጡት ነው።

ታዲያ ዜናው ለምን ተገለበጠ?

ፖስታው ተከፍቶ የመጀመሪያው ውጤት የታወጀው መጋቢት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 7 ቀን 2021። የብሩክሄቨንን ልኬት አረጋገጠ። ሁለቱ ሲደመሩ በጊዜው ከነበረው ስሌት በ4.2 ሲግማ ይርቁ ነበር።

ሲግማ በልኬትና በስሌት መካከል ያለው ርቀት ከስህተት ህዳጉ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። በሳንቲም እናስበው። ዘውድ ወይስ ጎፈር እያላችሁ ስትወረውሩ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ጎፈር ቢመጣ አይገርምም። 15 ጊዜ ተከታትሎ ቢመጣ ሳንቲሙን ታገላብጣላችሁ። 4.2 ሲግማ እዚያ አካባቢ ነው፤ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከ40,000 አንድ። በዚህ ሙያ «አገኘን» ለማለት የተስማሙበት ልክ ግን 5 ሲግማ ነው። እሱ 21 ጊዜ ያህል በተከታታይ ጎፈር እንደማግኘት ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ተመራማሪዎቹ አገኘን አላሉም። «አምስተኛ ኃይል» የሚለውን ያስቀደመው ወሬው ነው።

ብዙ ሰው ያላየው ነገር ደግሞ በዚያው ዕለት ሆነ። ስሙን ከቡዳፔስት፣ ከማርሴይና ከቩፐርታል ከተሞች የወሰደ ሌላ ቡድን ኔቸር መጽሔት ላይ አዲስ ስሌት አሳተመ። የእነሱ ስሌት ለልኬቱ በጣም ይቀርብ ነበር። ልኬቱ ልክ ሆኖ የቆየው ስሌት ላይ ጥያቄ መጣ ማለት ነው።

ለምን ሁለት ስሌት ኖረ? ከስሌቱ ትልቁ ክፍል የፎቶንና የኤሌክትሮን ብድር ነው። እሱ ከባድ ቢሆንም ተሠርቷል፤ እስከ አምስተኛው እርከን ድረስ ከ12,000 በላይ ሥዕላዊ ቀመሮች አንድ በአንድ ተቆጥረዋል። የሚያስቸግረው የኳርኮች ድርሻ ነው። ኳርኮች እርስ በርሳቸው በጣም ስለሚጣበቁ ያ ዓይነቱ አሠራር አይሄድም። ሁለት መንገድ ተገኘ።

አንደኛው መንገድ ከሌሎች ሙከራዎች መዋስ ነው። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሲጋጩ ምን ያህል የኳርክ ቅንጣት እንደሚወጣ ለአሥርት ዓመታት ተለክቷል። ከዚያ ተነስቶ የኳርኮቹን ድርሻ ማውጣት ይቻላል። የቆየው ስሌት በዚህ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው በኮምፒውተር ከመጀመሪያው ማስላት ነው። ቦታንና ጊዜን እንደ ሸማ ታስቡታላችሁ። ድርና ማጉ በሚገናኝበት ነጥብ ሁሉ ላይ ሕጉን ታሰላላችሁ። ሽመናው በጠበቀ ቁጥር ጥለቱ ጥርት ይላል፤ ነጥቡ ግን ይበዛል። ስለዚህ በዓለም ካሉት ግዙፍ ኮምፒውተሮች ውጭ አይሞከርም። ይህ መንገድ ለብዙ ዓመታት ጥራቱ አይበቃም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ደረሰ። ሌሎች ቡድኖችም በየራሳቸው ሽመና ደግመው ተመሳሳይ መልስ አገኙ።

ከዚያ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ፈርሚላብ የመጨረሻውን ውጤት አወጣ፤ ከ2 የሚተርፈው ለሁለት ሲካፈል፦ 0.001165920705። የስህተት ህዳጉ ከቢሊዮን 127 ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ያለውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለክቶ 10 ሴንቲ ሜትር ባልሞላ መሳሳት ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የስሌት ባለሙያዎቹ አዲሱን መንገድ ተቀብለው ያወጡት ቁጥር 0.00116592033 ነው። ሁለቱ በስህተት ህዳጋቸው ውስጥ ይስማማሉ።

ስለዚህ ሁለተኛው ቪዲዮ «ሁሉም ስህተት ነበር» ማለቱ ልክ አይደለም። ልኬቱ ከ20 ዓመት በላይ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በየጊዜው እየጠራ ብቻ ሄደ። የተንቀሳቀሰው ስሌቱ ነው። ለተማሪዬ መንገር የፈለግኩት ዋናው ነገር ይሄ ነበር፤ ሙከራ ንድፈ ሐሳብን ይፈትናል ብለን እናስተምራለን፣ እዚህ ግን ጠንካራ ልኬት ስለነበረ ንድፈ ሐሳቡ ራሱን እንዲያጠራ ተገደደ።

አሁን ተዘጋ ማለት ነው?

አልተዘጋም። ልኬቱ ከስሌቱ አራት እጥፍ ያህል ይጠራል፤ ስሌቱ ሊደርስበት ይገባል። ሌላም አለ። የመጀመሪያው መንገድ፣ ከግጭት ሙከራ የሚዋሰው፣ አሁን ራሱ ለሁለት ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሩሲያ ኖቮሲቢርስክ ውስጥ ያለ ቡድን ያወጣው ልኬት ከቀደሙት ጋር አልገጠመም። ከአዲሱ የኮምፒውተር ስሌት ጋር ግን ይቀራረባል። የቀደሙት ተሳሳቱ ወይስ አዲሱ? እስካሁን ማንም ስህተቱን ነጥሎ አላወጣም። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ጂን ከፈርሚላብ ፍጹም በተለየ አሠራር፣ ከ1 ሜትር ባነሰ ትንሽ ቀለበት ሊለኩ እየተዘጋጁ ነው። ያ ውጤት ቢገጥምም ባይገጥምም ትልቅ ነገር ይሆናል።

ለእኛ ምን ያደርግልናል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ሙኦን ድንጋይ ስለሚያልፍ እንደ ራጅ ይሠራል። ድንጋይ ከበዛ ብዙ ሙኦን ይቀራል፣ ክፍት ቦታ ካለ ብዙ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ትልቁ የግብፅ ፒራሚድ ውስጥ ቢያንስ 30 ሜትር ርዝመት ያለው የማይታወቅ ክፍተት አገኙ። አንድ ድንጋይ ሳይነቀል። ከጣና የሚወጣው ውሃ በሚደርስበት አገር የሆነ ነገር ነው። እኛም በድንጋይ የተሠራ ብዙ ቅርስ ያለን ሰዎች ነን፤ ሳይቆፍሩ ውስጥን ማየት ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል።

ፖዚትሮንም ሆስፒታል ገብቷል። ፔት ስካን የሚባለው የካንሰር ምርመራ የሚሠራው በእሱ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1989 የቀረበው ጄኔቫ ባለው የቅንጣት ቤተ ሙከራ ነው፤ ተመራማሪዎች መረጃ እንዲለዋወጡ ተብሎ።

ይህን ለመማር ደግሞ በሩ ዝግ አይደለም። ከጄኔቫው ማሽን የተገኘ ብዙ መረጃ ለማንም ሰው በነጻ ተለቋል። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው የጎንደር ተማሪ አውርዶ ሊሠራበት ይችላል። ለአፍሪካ ተማሪዎች የተቋቋመ የመሠረታዊ ፊዚክስ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከአገር አገር እየዞረ ይካሄዳል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ልጁ እንደገና መጣ። የጨነቅን ስሌት በራሱ ደብተር ሠርቶ ነበር። «ቲቸር፣ እኛ ራሳችን መቁጠር አንችልም?» አለ። ይቻላል። መዳፍ የምታክል የሙኦን መቁጠሪያ 100 ዶላር ገደማ በሚያወጡ ዕቃዎች ትገጣጠማለች። ከብርሃን የተሸፈነች ፕላስቲክ፣ ብልጭታዋን የምታይ አንዲት ትንሽ ዳሳሽ፣ አንድ ትንሽ ሰርኪዩት። ሙኦን ባለፈ ቁጥር ፕላስቲኳ ብልጭ ትላለች።

«ስንት መቁጠር አለብን?» አለኝ። ይሄ ደግሞ የሲግማ ጥያቄ ነው። 100 ብንቆጥር ቁጥራችን በአሥር ያህል ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከመቶ አሥር ማለት ነው። 10,000 ብንቆጥር በመቶ ያህል፤ ከመቶ አንድ። አንድ ቀን ሙሉ በክፍላችን ካስቀመጥናት 10,000 ታልፋለች። ከዚያ አንድ ቀን ጨነቅ። ልጁ የማስታወሻውን አዲስ ገጽ ገልብጦ ከላይ ሁለት ዓምድ አሰመረ፤ አንዱ ላይ «ጎንደር»፣ አንዱ ላይ «ጨነቅ» ብሎ ጻፈ።